በአሸንዳ የተኛው ጭቃ

ባለፈው ሳምንት አፍንጫዬ አላስቀምጥ ቢለኝ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ልጄን የምታክል ሐኪም መርምራኝ ስታበቃ፣ «አባባ፣ የሚያስቸግርዎት የአበባ ብናኝ ነው» አለችኝና ብናኝ ምን እንደሆነ በትዕግሥት ታስረዳኝ ጀመር። እንደማያውቅ ሰው አዳመጥኳት። ልቤ ግን ከየካ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የዕፅዋት መምህራችንን ጋሽ ደምሴን በመስክ ሥራ አግዛለሁ። ጋሽ ደምሴ ቁጣ የማያውቁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ፦ ባሕር ዛፍ ሳይመጣ እንጦጦ ምን ለብሶ ነበር? ጥድ? ወይራ? ኮሶ? ወይስ ሣር ብቻ? መልሱ ከየካ በላይ ካለች አንዲት ረግረግ ውስጥ ነው ይሉን ነበር። አበባ በየዓመቱ ብናኙን ይበትናል፤ ረግረግ ላይ ያረፈው ከጭቃው ጋር እየተደራረበ ሳይበሰብስ ይኖራል። ከላይ የቅርቡ፣ ከታች የጥንቱ። በማይክሮስኮፕ አይቶ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ መለየት ይቻላል፤ ዛፉ ከታወቀ ደግሞ የዚያን ጊዜው ዝናብና ብርድም ይታወቃል።

ጥር ላይ ወጣን። እንጨት የጫኑ አህዮችን እያሳለፍን፣ በየጥላው በሶ በጥብጠን እየጠጣን ዳገቱን ጨረስነው። የብረት ቱቦውን ጭቃው ውስጥ ስንመታና ስንጎትት ውለን እጃችን ተላጠ። የወጣው ጭቃ ከታች ጥቁር፣ መሐሉ ቡናማ፣ ላዩ ግራጫ ነበር፤ የራሰ ቅጠል ይሸታል። ርዝመቱን እንደያዘ በቆርቆሮ አሸንዳ ላይ አስተኛነው። ላዩና ታቹ እንዳይምታታ ጋሽ ደምሴ በላይኛው ጫፍ ቀይ ክር አሰሩ። ከዚያ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቅን ወረድን።

ታች የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዘ አብዮት ጠባቂ ጋር ጠበቀን።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጭቃ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጭቃነቱንማ አየሁት። ለምን ይሆናል?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሉትን አሉ፤ «ያለፈውን ዘመን መልሰን ለመገንባት ነው።»

የሊቀመንበሩ ፊት ተለወጠ። በዚያ ጊዜ ያለፈውን መመለስ የሚፈልግ ሰው አድኃሪ ነው፤ አድኃሪ መባል ደግሞ ቀልድ አልነበረም።

«የንጉሡን ዘመን?»

«የለም፣ ከንጉሡም በፊት ያለውን።»

«ጭራሽ ከንጉሡም በፊት» አለ ሊቀመንበሩ ወደ ጠባቂው ዞሮ።

ሳቄ መጣ፤ ጠመንጃውን ሳይ ግን ዋጥኩት። እኛን ለቀው አሸንዳውን «እስኪጣራ» ብለው ቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ አስቀሩት። ጋሽ ደምሴ እየተመላለሱ ቢያንስ ላስቲክ ይልበስ ብለው ለመኑ። ጭቃን ማን ያለብሳል? ጭቃው ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ።

በመጨረሻ ሲጠሩን ጠባቂው መዶሻ ይዞ ነበር። ውስጡ ወረቀት ወይም ጥይት ይኖር እንደሆነ ያጣራል። እየፈረካከሰ የላዩን ከታቹ ጋር ይከምረዋል።

«ልጄ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቅልኝ» አሉት ጋሽ ደምሴ።

«እሺ ጋሼ» አለና መምታቱን ቀጠለ። አቧራው ሲነሳ አስነጠሰው።

«ይማርህ» አሉት፣ ሳያስቡት።

«ያኑርዎ» አላቸው፣ መዶሻውን እያነሳ።

ምንም አልተገኘም፤ ውሰዱት ተባልን። ፍርካሹን ጠርገን በጆንያ ያዝነው። መንገድ ላይ ላጽናናቸው ብዬ፣ «ብናኙ እኮ አልጠፋም፤ ሁሉም ጆንያው ውስጥ አለ» አልኳቸው።

«አለ። የቱ ከየቱ እንደቀደመ ግን ማን ይነግረናል?»

እሳቸው አላለቀሱም፤ እኔ ግን አለቀስኩ። በማን ላይ እንደምናደድ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። እንደገና ፈቃድ ስናገኝ ረግረጓ ውኃዋ በቦይ ተንጠፍጥፎ፣ በዘመቻ ባሕር ዛፍ ተተክሎባት ጠበቀችን። ጋሽ ደምሴም ጥያቄያቸውን እንደያዙ አረፉ።

«ሰፈርዎ ምን ዛፍ ይበዛዋል?» አለችኝ ሐኪሟ፣ እየጻፈች።

«ባሕር ዛፍ።»

«ከዚያ በፊትስ ምን ነበረበት?» ለወግ ያህል ነው የጠየቀችኝ።

«አናውቅም» አልኳት። አላውቅም አላልኩም። ወዲያው አስነጠሰኝ።

«ይማርዎ» አለችኝ። ያኑርሽ ማለት አቅቶኝ መሐረቤን ፈለግኩ።