የወንድሜ ምራቅ

አባቴ አሜሪካ የመጣው በእኔ ነው። ዲቪ የደረሰኝ እኔ፣ ዜግነት ወስጄ ማመልከቻውን የሞላሁለት እኔ፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይቼ የስኳር መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ የምሰጠው እኔ። ታናሽ ወንድሜ በሚስቱ በኩል መጥቶ ኬንት የምትባል ከተማ ቤት ገዝቶ ትራክ ይነዳ ነበር። አባታችንን የሚያየው መንገዱ ሲፈቅድለት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ብዙም አይፈቅድለትም። ይህን የምዘረዝረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም ብል ውሸቴን ነው። ለመቁጠር ነው።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ለወንድሜ ይደውላል። ትራኩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል። ጤና ከተጠያየቁ በኋላ "በል እስቲ ቁጠር" ይለዋል። የሚያስቆጥረው የዘር ሐረጋችንን ነው፤ ከራሱ ከአባቴ ጀምሮ፣ አባቱን፣ የአባቱን አባት እያለ እስከ ሰባት ቤት። ወንድሜ ሦስተኛው ድረስ ይሄድና ይቆማል።

"ኦኬ አባዬ፣ ሶ... አራተኛው ማን ነበር?"

አባቴ ሳይቆጣ ይነግረዋል። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ከአራተኛው ይጀመራል።

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ እያጠብኩ ሰባቱንም በቃሌ ያዝኳቸው። አንድ እሁድ አባቴ ራሱ አምስተኛው ላይ ጠፋበት። "ቆይ... ቆይ..." እያለ ግንባሩን ሲያሽ አላስችል አለኝና ከወጥ ቤት ጮክ ብዬ ስሙን ነገርኩት። 

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ፣ ዞሮ እንኳ ሳያየኝ። ከዚያ ያንኑ እኔ ያልኩትን ስም፣ ራሱ እንዳስታወሰው አድርጎ በስልኩ ተናገረ።

"ዋው አባዬ፣ ሜሞሪህ!" አለው ወንድሜ።

ያን ቀን አንዱን ድስት ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ሴት ልጅ የሰው ቤት ናት እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ያ የሰው ቤት የተባለው ግን አርባ ዓመት አልፎኝም አልተገኘም፤ እስኪገኝ ድረስ የአባቴን ጫማ የማስረው፣ ጥፍሩን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ለወንድሜ የሚቀመጥለት ድምፅ ግን ሌላ ነው። 

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። በዚያ ሰሞን የምንከባከባቸው አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበሩ። ሚስት የላቸውም፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው፤ ያላቸው ስማቸው ነው። የእሳቸውን የቤተሰብ ስም የያዙ ወንዶች ከየአገሩ ምራቃቸውን ወደ ላብራቶሪ ይልካሉ፣ እሳቸው ደግሞ ኮምፒውተራቸው ላይ ሆነው ማን ከማን እንደሚዛመድ ይለያሉ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ ነገር በዲኤንኤ ውስጥ አለ አሉኝ። ግድግዳቸው ላይ አሥር ትውልድ የተጻፈበት ሰፊ ወረቀት ተሰቅሏል። አሥሩም መጨረሻቸው አንድ ስም ነው። እኔና ወንድሜ እንኳ በወረቀት አንገጥምም፤ እሱ ፎርም ሲሞላ የአያታችንን ስም መጨረሻው ላይ አደረገ፣ እኔ የአባታችንን አደረግኩ፣ በዚያው ቀረን። የሽማግሌውን ግድግዳ ባየሁት ቁጥር እቀና ነበር።

"እኔም ምራቄን ልላክ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ያንቺ አይሆንም" አሉኝ፣ በትህትና። "ያ ነገር ያለው ወንድ ላይ ብቻ ነው። ወንድም የለሽም?"

አንቺን ማን ጠየቀሽ ያለኝ አባቴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሳይንሱም ከእሱ ጋር ሆነ።

እቤት ገብቼ ለአባቴ ነገሩን አስረዳሁትና የራሱን ምራቅ ጠየቅኩት። "የኔን ምን ያደርግልሻል? እኔ አላፊ ነኝ። የሚቀጥለው እሱ ነው፣ የሱን ላኪ" አለኝ።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣብኝ። የአባቴ አፍንጫ ያለው እኔ ላይ ነው። የተጣመመች ትንሽ ጣቱም እኔ እጅ ላይ አለች። ወንድሜ ማንንም አይመስልም፤ ልጆች ሳለን ጎረቤቶች "አንተን ከመንገድ ነው ያነሱህ" እያሉ ያስለቅሱት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩና ከወንዶቹ ምርመራ ሌላ፣ ወንድ ሴት ሳይል ዘመድ የሚለየውን ሁለተኛ ምርመራ ለሁለታችንም አዘዝኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ወንድሜ የአባቴ ልጅ እንዳልሆነ የሚናገር ወረቀት። ወረቀቱን ለማንም ላሳይ አልነበረም፤ እሁድ እሁድ ስልኩ ሲደወል እኔ ብቻ እያወቅኩ ድስቴን ላጥብ ነበር።

ወንድሜ መጣ። ከምርመራው በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም አይበላም ብዬው ሳንቡሳ እየበላ ገባ። ግማሽ ሰዓቱን ሦስታችን ተፋጥጠን ጠበቅን። ከዚያ አባቴ ብልቃጡን በሁለት እጁ ይዞለት "እስከ መስመሩ ሙላው፣ አይዞህ" እያለ እንደ ክርስትናው ዕለት ደስ ብሎት አየው። ወንድሜ እየሳቀ ተፋ። የራሴን ብልቃጥ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ ሞላሁ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ስልኬ ላይ መጣ። ሙሉ ወንድምና እህት ይላል። አንድ አባት፣ አንድ እናት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። እንዲያውም ላለቅስ ደረስኩ። እናት የሚለው ቃል ላይ ዓይኔ እስኪያርፍ ድረስ እናቴን አላሰብኳትም ነበር። ወንድሜን ከአባቴ ልነጥል ስል እናቴን ምን እያልኳት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያቺን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የኖረች ሴት፣ በሞተች በስንት ዓመቷ፣ በገዛ ልጇ እጅ። መውረጃዬ አልፎኝ ራሴን ኦቴሎ ጣቢያ አገኘሁት። ወርጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ሁለት ባቡር ካለፈ በኋላ ወደ ቤት ተመለስኩ።

"ምን አለ ምራቁ?" አለኝ አባቴ።

"ልጅህ ነው" አልኩት።

"ማን አይደለም አለ?" ብሎ ቴሌቪዥኑን ማየት ቀጠለ።

የወንዶቹ ውጤት ላይ ለወንድሜ ቅርብ ዘመድ አልተገኘለትም። ሽማግሌው እንዳሉኝ ከእኛ ወገን ምራቁን የላከ ሰው ገና የለም፤ ወንድሜ መጀመሪያ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ሲመጡ እንዲያገኙት የአባቶቹን ስም ላብራቶሪው ኢንተርኔት ላይ በከፈተለት ገጽ ይጻፍ። ለወንድሜ ነገርኩት። እሺ እጽፋለሁ አለና ተወው።

አባቴ በዓመቱ ክረምት ላይ አረፈ። ከአርባው በኋላ በአንዱ እሁድ፣ አባቴ በሚደውልበት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

"እታለም፣ ትራኩን ዳር አስይዤ ፑል ኦቨር አድርጌ ነው" አለኝ። "ስሞቹን ልጽፍ ነበር። ጠፉብኝ። በየሳምንቱ እየነገረኝ ኦኬ ኦኬ እያልኩ..." ለቅሶው አላስጨርስ አለው። "አንቺ ታስታውሻለሽ?"

አባቴ ከሞተ በኋላ እነዚያን ስሞች የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንድሜ አሳዘነኝ፤ ከልቤ ነው የምለው። አንድ በአንድ ነገርኩት፣ እሱም እየደገመ ጻፈ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ዝም አልኩ።

"ሰባት አልነበሩም እንዴ?" አለኝ።

"አንተን ቆጥሮ ነዋ ሰባት የሚለው" አልኩት። "የመጀመሪያው አንተ ነህ።"

"እውነትሽን ነው!" አለ። ደስታው በስልክ ተሰማኝ። ገጹ ላይ ስድስት አባቶች ተጻፉ፣ እስካሁንም ስድስት ናቸው። ምራቁም፣ ወንድነቱም፣ የአባቴ ያ ድምፅም የእሱ ነው። አንዱን ስም ለእኔ አስቀረሁ። ጸጸተኝ እንዳልል አልጸጸተኝም።

ወንድሜ ያሉት ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቋ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ የትምህርት ቤት ሥራ ይዛ እኔ ጋ አደረች። የቤተሰብ ዛፍ ሥሪ ተብላ ከዚያ ገጽ ላይ ገልብጣዋለች፤ ታች አባቷ፣ ከእሱ በላይ ስድስት ወንዶች። እርሳሷን እያኘከች ብዙ አየችውና በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ እኔ የት ነው የምገባው?

ወረቀቱን አየሁት። ቦታ የለውም። ለእሷም የለውም፣ ለእኔም የለውም።

"እስቲ ቁጠሪልኝ" አልኳት። ከአያቷ ጀምራ በተሰባበረ አማርኛ ቆጠረች። አራተኛው ላይ ተሳሳተች፤ አረምኳት። ስድስተኛው ጋ ደርሳ "አለቀ" አለችኝ።

"አላለቀም" አልኩና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ ሰባተኛውን ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ በሦስተኛው አስተካክላ አለችው።

"ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው" አልኳት።

"ኦኬ" አለችኝ።