የረዘመብኝ ወንጭፍ

ዛሬ ጂንካ ገበያ፣ ገመድ ሻጮቹ ጋ ስደርስ የእርጥብ ቃጫ ሽታ ያዘኝ። አባባ ወንጭፍ ሲጎነጉን ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ማሽላችንን ከወፍ የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ነበር። እሱ ለውትድርና በተወሰደበት ዓመት ማማው ላይ የምወጣው እኔ ሆንኩ። ወንጭፍ የሚሠራው በወርዋሪው ክንድ ልክ ነውና፣ አባባ ቃጫውን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ሲጎነጉን ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። ዞር ብሎም አላየኝ።

«አባባ፣ ለካኝ እንጂ!»

«ልኩን አውቀዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ማማው ላይ ወጥቼ ሳሽከረክረው ወንጭፉ እንጨቱን መታና ድንጋዩ እግሬ ሥር ወደቀ። ወፎቹ ከእሸቱ ንቅንቅ አላሉም። እያለቀስኩ «ረዝሞብኛል፣ ቁረጥልኝ» አልኩት።

«ከቆረጥኩትማ ባለቤቱ ሲመጣ ምን ይለኛል?»

ባለቤቱ እኔ የሆንኩ መስሎኝ አኮረፍኩ። አባባ ግን አዝመራው እስኪሰበሰብ ማማው ሥር ቆሞ ወፎቹን በጩኸት አባረረልኝ።

ዳንኤል አልተመለሰም፤ አባባም አርፏል። ከገበያ እንደገባሁ ወንጭፉን ከግድግዳው አውርጄ በክንዴ ለካሁት። አሁንም ይረዝምብኛል። አልቆረጥኩትም።