ሽማግሌዎች የጠበቁት የአንጎል ምስል

ልጄ ሚስቱን ፊቷ ላይ በቴርሞስ የመታት ምሳ እየበላን፣ በሁላችንም ፊት ነው። መንጋጋዋ ሲሰበር ሰማሁት። ልይዘው ብነሣ አንገቴን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጨኝ። ጎረቤቶች በገመድ እስኪያስሩት ድረስ ሲራገጥ ነበር።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ከአንጎሉ ዕጢ ወጥቶለት፣ ጨረርም ወስዶ ነበር። ከተመታች በኋላ ሚስቱ ቱላ በሚባለው ሰፈር ካለው የወላጆቿ ቤት ገባች፤ እኛም ሽማግሌ ላክን።

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልን የለየሁት ራሴ ነኝ። ያልገባኝን ሳልጠይቅ አላልፍም። ልጄን ሐዋሳ የሚያክመው ሐኪም የአንጎሉን የኤምአርአይ ፊልም ወደ መብራት አንሥቶ፣ «አባባ፣ ይህ ነጭ ቦታ የተመለሰ ዕጢ ወይም ጨረሩ የተወው ጠባሳ ሊሆን ይችላል። በዚህ አይለይም» አለኝ።

«በምን ይለያል?»

«ፔት በሚባል ምርመራ። ዕጢ የሚስበውን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጡታል፤ ዕጢ ካለ ምስሉ ላይ ይበራል። ጠባሳ ግን እምብዛም አይበራም። እኛ አገር የለም፤ ህንድ መሄድ አለበት።»

ይህን ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ትልቁ፣ «እንግዲያስ ምስሉ ይምጣ። ዕጢ ከሆነ ልጁ ምን ጥፋት አለበት? ትመለሳለች። ካልሆነ ይክሳታል» አሉ። ሁሉም ተስማሙ። እኔም ያ ቦታ እንዲበራ ጸለይኩ። ልጄ ጨካኝ ከሚባል ቢሞት ይሻላል ማለቴ ነበር።

በማረጋጊያ መርፌ አስተኝተውት ወንድሙ ህንድ ይዞት ሄደ። ምስሉ ሲመጣ ቦታው አልበራም።

የሐዋሳው ሐኪም፣ «ጠባሳ ይመስላል። አሁን ሌላ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ በጠባሳው ዙሪያ ያለውን የአንጎል እብጠት በመድኃኒት እናወርዳለን» አለ።

«ዕጢ ከሌለ ታዲያ የመታት ማን ነው?»

«እብጠቱም ጠባይ ይለውጣል፤ የራሱ ቁጣም ሊሆን ይችላል። ምርመራው ዕጢ ያሳያል እንጂ ጥፋተኛ አያሳይም።»

«ዳግመኛ አይመታም?»

«አላውቅም» አለኝ።

ቱላ፣ ሚስቱ ባለችበት ስንሰበሰብ ትልቁ ሽማግሌ ምስሉን አገላብጠው አዩት። «እብጠትም በሽታ ነው። ልጄ፣ ታሞ ነውና ማሪው፤ ወደ ቤትሽ ግቢ» አሏት።

መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ ስለነበር በጥርሷ መሃል ተናገረች። «የሱን ጭንቅላት ፎቶ ስትጠብቁ ከረማችሁ። የእኔን ፊት ግን ማንም አላየም። አልገባም።»

«ምሬዋለሁ ካለች ትግባ» አለ አንዱ።

«ምሕረት ሌላ፣ አብሮ መኖር ሌላ» አልኩ። «በሽታው እሱን ከኩነኔ ያድነው ይሆናል፤ እሷን ግን ከዱላ አያድናትም።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «አንተ የማን ወገን ነህ?»

«አባቱ ነኝ። ስለዚህ እኔ ጋ ይኖራል፤ ቢመታም እኔን ይምታ።»