ፓስታ እና ባስታ

ምሳ ላይ ነን። የልጅ ልጄ ሰላም ከስልኳ ታነባለች። «እማማ፣ የአንድ ሕዝብ ዘረመል በቋንቋው ድምፆች ላይ ተጽዕኖ ሳይኖረው አይቀርም ይላሉ ተመራማሪዎች፤ ገና አልተረጋገጠም እንጂ» አለችኝ። ቀጥላም እየሳቀች፣ «እስቲ አንድ ቃል በይና ዘርሽን ልወቅ!» ፓስታ የጠቀለልኩበትን ሹካዬን አስቀመጥኩ።

እኔና ሙና መንታ ነን። እናታችን እኛን ስትወልድ ሞተች። አባታችን ባቡር ላይ ውሎ አዳሪ ስለነበር እኔን አክስቴ ወሰደችኝ፤ ሙናን ሶማሌዋ ጎረቤታችን ፋጡማ ጡት አጥብታ አሳደገቻት። መልካችን ቁርጥ አንድ፣ አፋችን ግን ለየቅል። ሶማሊኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ሙና «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» ትል ነበር። በዚህ ስንቴ አብሽቄያታለሁ! ደም ነው እንዳይባል ደማችን አንድ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነን፣ አገር በታመሰበት ሰሞን፣ ለፋጡማ የግመል ወተት ይዘን ከጀልዴሳ ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ ዱላ የያዙ ጎረምሶች የተሳፈርንበትን መኪና አስቆሙ። ሙቀቱ ያፍናል። ወተቱ ጄሪካኑ ውስጥ መንቦጫቦጩን ተወ። አንደኛው ከአንዲት ሴት ዘንቢል ፓስታ መዝዞ በየተራ ያሳየን ጀመር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ «ባስታ» አሉ።

«ውረድ አቦ!»

ወረዱ። ከዘራቸው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ተራዬ ደረሰ። «ፓስታ» አልኩ፤ አጥርቼ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ቀጥሎ ሙና ናት። ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«ድዳ ናት!»

ጎረምሳው ፊቷን አየ፣ ፊቴን አየ። «እነዚህስ አንድ ደም ናቸው፣ ተዋቸው» አለ።

መኪናው ያለ ሽማግሌው ተነሳ። ምን እንዳደረጓቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማስበውን ግን በአፌ አልናገረውም።

ደጃፋችን ስንደርስ ሙና ጄሪካኑን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። «አዳንሽኝ፣ አልክድም» አለች። «ግን ሁላችንም ባስታ ብንል ኖሮ ማንን ያወርዱ ነበር?»

ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ መልስ ተቀበረች።

ጥናቱን አልጠላም፤ ይመርምሩ። እኔ የምፈራው የሚሰማውን ጆሮ ነው። ያ ጎረምሳም በራሱ ቤት ዘር መለየቱ ነበር።

«እማማ፣ በይ እንጂ!» አለች ሰላም ስልኳን ወደ አፌ አስጠግታ።

ሳህኑን አየሁት።

«ባስታ» አልኩ።