አቶ ዝገት ከሄደ በኋላ

ሓድነት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር ያ የተቃጠለ ብረት ሽታ ወደ አባታችን ግቢ ይመልሰኛል። አባታችን በርና መስኮት ይበይድ ነበር፣ ክረምት በገባ ጊዜም ያልተቀባውን ብረት በላስቲክ እየሸፈነ፣ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ፣ «ይሄ ዝገት የሚሉት ጠላት እንቅልፍ የለውም» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ሃፍቶም አቶ ዝገትን የፈጠረው ከዚህ ቃል ተነሥቶ ነው። ከደብተር መሐል በሚገነጥላቸው ወረቀቶች ላይ ብራቅ የሚባል በሰማይ የሚበር ጀግና ይስልልኝ ነበር፤ እናታችን የደሴ ሰው ስለሆነች ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነበርና ጽሑፉንም በአማርኛ ይጽፈው ነበር። ብራቅ መልከ መልካም፣ ደፋር፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አሰልቺ ነበር። እኔ የምወደው ባላንጣውን ነው። አቶ ዝገት ቀይ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» ካለ በኋላ የነካው በር ሁሉ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ሃፍቶም ድምፁን አጎርንኖ ሲያነብልኝ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

መስከረም ላይ ሃፍቶም ከከተማው ዳር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፣ በተፈቀደለት እሑድም የታሪኩን አዲስ ክፍል ስሎ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ጥቅምት ላይ ባመጣው ክፍል መጨረሻ አቶ ዝገት ሻንጣውን አንጠልጥሎ አውሮፕላን ሲሳፈር አየሁ።

«የት ሊሄድ ነው?»

«ወደ ባሕር ዳርቻ። እዚያ ሥራ ሞልቶለታል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ ሓፍተይ» አለኝ፤ እህቴ ሲል ሁልጊዜ በትግርኛ ነበር። «የትምህርት ቤቱ ልጆች የሕፃን ጠላት ነው ብለው ሳቁብኝ። አሁን ከሌላ ዓለም የሚመጣ አስፈሪ ጠላት አዘጋጅቻለሁ፣ ታያለሽ።»

አየሁት። ዓይኑ የበዛ፣ ለማንም ሰላምታ የማይሰጥ፣ ዝም ብሎ ከተማ የሚያፈርስ ፍጡር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን አልከፈትኋቸውም። ሃፍቶም ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እንዳያያቸው ዳርና ዳራቸውን በክር እየሰፋ ያመጣቸው ነበር፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከሹራቤ ሥር እከታቸዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «በጣም ጥሩ!» እለዋለሁ፣ ፊቱ በደስታ ይበራል። የገና ብርድ አልፎ ጾም እስኪገባ ድረስ እንዲሁ ቀጠልን፣ ውሸቱም እየቀለለኝ ሄደ።

የፋሲካ ዕለት እናቴ የጠረጴዛ ልብስ ከመሳቢያው እንዲያመጣ ሃፍቶምን ላከችው። ሲቆይባት ተከትዬው ገባሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፣ ወረቀቶቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ የሰፋበትን ክር በጣቱ እየዳበሰ ነበር። አንዱም አልተበጠሰም።

«ሓወይ…» ብዬ ወንድሜን ጠራሁት።

«አቶ ዝገት ስለሄደ ነው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ብትነግሪኝ እኮ እመልሰው ነበር» አለኝ።

አልተቆጣም። ወረቀቶቹን እንደነበሩ ከሹራቤ ሥር መልሶ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ይዞ ወጣ፣ ምሳ ላይም ከአባታችን ጋር እየሳቀ ዶሮውን በላ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመጣ የሚይዘው የትምህርት መጻሕፍቱን ብቻ ነበር። እናቴ አንድ ቀን «ሥዕሉንስ ተውከው እንዴ፣ ልጄ?» ስትለው «ጥናት በዛብኝ» አላት፣ ወደ እኔ ሳያይ። ስንት ጊዜ ክሩን በጥሼ ላነብ ተነሣሁ፤ ነገር ግን አንብቤ ምን ልበለው እያልሁ፣ እያፈርሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ወጣን፣ ስንመለስ መሳቢያው ራሱ አልነበረም።

ሃፍቶም አሁን አዲስ አበባ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው ስልክ ከተመለሰ ጀምሮ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ስለ እናታችን ደም ግፊት ይጠይቀኛል፣ እኔም ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ። በዚያ በመከራው ዘመን፣ ድምፃችንን ሳይሰማ በቆየባቸው ወራት፣ እንዴት ሆኖ እንደነበር ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ያው፣ አለፈ» ይለኛል። ያኔ ልጅ ሳለን በልቡ ያለውን ሁሉ ስሎ፣ በክር ሰፍቶ፣ ሳልጠይቀው በእጄ ያስቀምጥልኝ ነበር።