የኦቦ ቶሎሳ ዓይኖች

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፈዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሰሞኑን የሰማሁት ወሬ ነው። የከተማችን የእሳት አደጋ መኪና አርጅታለችና በሌላ ልትለወጥ ነው አሉ። ያቺ መኪና አዲስ ሆና ስትመጣ ዕቃ ግምጃ ቤት የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ከእሷ በፊት የነበረችው አሮጌ ተሸኝታ እሷ የገባች ዕለት ግቢው ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በኦሮምኛ መረቁ። ሾፌሩ ኦቦ ቶሎሳ የመስታወቷን አቧራ በኮታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ። የእኔ ድርሻ አብሯት የመጣውን ዕቃ መረከብ ነው፤ መሰላሉ፣ መጥረቢያው፣ የራስ ቁሩ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ግን ምንነቷን የማላውቃት ነገር አገኘሁ። ከባድ የናስ ቀለበት ናት፤ በውስጥም በውጭም ጥርስ የወጣላት፣ ዙሪያዋን በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈባት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ይሁን ከተፈጥሮዬ፣ ጽሑፍ አይቼ ሳላነበው ማለፍ አልችልም። የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር አገላብጬ አነባለሁ። ኦቦ ቶሎሳን ብጠይቃቸው በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። ለምን አልጠየቅኩም? «የግምጃ ቤቷ ሴትዮ እንኳ አታውቀውም» እንዳይባል። ለምሳ ሲወጡ ቀለበቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ቅዳሜ አዲስ አበባ ገብቼ ከቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ፣ ሰኞ እመልሳታለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ሳይደርስ የጴጥሮስ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ። ጴጥሮስ ከወላይታ መጥቶ በግንባታ የቀን ሥራ ያጠራቀማትን ይዞ፣ ከግቢያችን ብዙ ሳይርቅ ወንዙ አፋፍ ላይ የከፈታት ቤት ናት። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ከሰዉ ጋር ሮጥኩ። አዲሷ መኪና ተሸክማ የመጣችውን ውኃ ረጭታ ጨረሰች። ቢሆንም ማንም አልደነገጠም፤ ወንዙ እዚያው ከእግራቸው ሥር ይፈሳል። ኦቦ ቶሎሳ ከአሮጌዋ መኪና የቀረውን የውኃ መሳቢያ ቱቦ ጎተቱ። አፉ ከአዲሷ ፓምፕ ጋር እንደማይገጥም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈቱ። እጃቸውን ሰደዱ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ደግመው እጃቸውን ሰደዱ።

«ቀለበቷስ? ቱቦውን የምታገናኘዋ የናስ ቀለበትስ?»

ያን ጊዜ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ ነው። ለካ ለዚህ ኖሯል! የውስጡ ጥርስ ለፓምፑ፣ የውጪው ለቱቦው! የሰው ቤት እየነደደ እኔ እንቆቅልሽ በመፍታቴ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ እገረማለሁ፤ እንዲህ ያለ ልብ ከምን ይሠራል?

ቀለበቷ ብብቴ ሥር ነበረች። እጄ የቦርሳው ዚፕ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የመንግሥት ዕቃ ከቦርሳዬ ሳወጣ ምን ይሉኛል? ሌባ ይሉኛል። ይህን አሰብኩ፤ እያሰብኩ ቆምኩ። ጴጥሮስ በባልዲ ከወንዝ ውኃ ይቀዳል፣ ይሮጣል፣ ይደፋል። ቆሜ አየሁት። ጣሪያው ሲወድቅም ቆሜ ነበር። ከአዲስ አበባ መኪና ሲደርስ የቀረው አመድ ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ፈሪ ነበርኩ ብዬ በተውኩት። አላበቃም። በማግስቱ ማንም ሳይገባ ቀደም ብዬ ሄጄ ቀለበቷን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ አኖርኳት። ረፋዱ ላይ ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስቦ ሳጥኑን አስከፈተ። ቀለበቷ ቁጭ ብላለች።

ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ አንቱንማ ሰበታ ወስደን ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ማስገባት ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ፈገግ አደረግኩ፤ ይህንንም ቁጠሩብኝ።

እሳቸው አልተቆጡም። ቀለበቷን አንስተው በጣቶቻቸው ዙሪያዋን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንቺ ጥንቁቅ ነሽ። ስትረከቢ እዚህ ነበረች አይደል?»

«ነበረች» አልኩ።

እውነት ነው፤ ስረከብ ነበረች። ቃሉ እውነት ሆኖ ሰውየውን ገደላቸው።

የመኪናውን ቁልፍ ያስረከቡት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ባዶና ሙሉ የማይለይ ዓይን ይዤ እሳት ፊት መሪ አልይዝም አሉ። በር ጠባቂ ሆኑ። ጴጥሮስም ወደ ቀን ሥራው ተመለሰ። ጽሑፉን በኋላ ከመዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ የአምራቹ ስምና የአፉ ስፋት ብቻ ነበር። ሁለት ሰው የፈረሰው ለዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ መያዣው ጋ ኦቦ ቶሎሳ ጠሩኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለይተውኝ ነው። ተሻግረው መጡና ሚኒባሱ ላይ የተለጠፈውን እያሳዩ፣ «ገፈርሳ ነው የሚለው? እስቲ እይልኝ፤ እኔ ዓይኔን አላምነውም» አሉ። ገፈርሳ ነው የሚለው። አነበብኩላቸው። መርቀውኝ ገቡ።

ኃፍረት ነው፣ ትምህርት ዘግይቶብኝ ነው ብዬ አላመካኝም። እንደ እኔ ዘግይቶ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ አላደረገም። ጴጥሮስ አሁን የት እንደሚሠራ እያጠያየቅኩ ነው፤ ሳገኘው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ይህን ወረቀት ግን ነገ ጠዋት ለኦቦ ቶሎሳ እወስዳለሁ። «አንቺው አንብቢልኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አላነብላቸውም። በራሳቸው ዓይን ያንብቡት። አናቱ ላይ በትልልቁ ጽፌበታለሁ፦ ቀለበቷ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረችም፤ በደንብ አይተው ነበር።