አጎቴ ቤት ሊሠሩበት የነበረው የድንጋይ ጉብታ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጉራጌ አገር መጥተው አየር ጤና እኛ ቤት ሰነበቱ። አንድ ቀን ቤቴል ካለው ክሊኒክ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ስልካቸውን ሰጡኝና፣ "እስኪ እዪው፤ ዘንድሮ ቤት ልሠራ ነው። ድንጋዩ ከደጄ ነው" አሉኝ።

ፎቶው ላይ እርሻቸው መሃል የተከመረ ድንጋይ አለ። ልጃቸው ጋሪውን አቁሞ አጠገቡ ፈገግ ብሏል። እኔ ያየሁት ግን የክምሩን ሥር ነው፤ ትልልቅ ድንጋዮች ዙሪያውን ቆመዋል። የአርኪዮሎጂ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን በጥንት ሰዎች መቃብር ላይ የተሠራ ጉብታ ብሎ ያሳየን ልክ እንደዚህ ያለውን ነበር።

"አጎቴ፣ ይሄ የጥንት መቃብር ሳይሆን አይቀርም።"

"የምን መቃብር? ከእርሻው እየለቀመ የከመረው አባቴ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ አብሬው ጥያለሁ።"

እራት ላይ ስለ ቅርስ ምዝገባና ጥበቃ ያጠናሁትን ሁሉ ደረደርኩላቸው። እናቴ ሳቀች። "ኧረ ልጄ፣ ፈተና ላይ አይደለሽም! አጎትሽ ይብሉበት።"

እሳቸው አልሳቁም። "ቢመዘገብ እርሻዬን ያጥሩብኝ የለ?" አሉ።

ለካ የፈሩት ለመሬታቸው ነው። ስለማላውቅ፣ "መምህሬን ልጠይቅልዎት" አልኳቸው።

በማግስቱ የመምህሬን መልስ ሳላሳምር ነገርኳቸው። ማረሻው ከጉብታው ሥር ከራቀ ዙሪያውን ማረስ አይጎዳውም፤ ስለ አጥሩ ግን የወረዳው ባህል ቢሮ ሄደው ራሳቸው ቢጠይቁ ይሻላል።

ይሄኔ አባቴ ገባበት። "ጋሼ፣ ላዩን አባታችን ከመረው እንበል። ከሥር የቆሙትንስ?"

"እነሱማ አባታችን ሲወለድም ነበሩ።" ይህን ካሉ በኋላ ወደኔ ዞሩ። "ሰው አለበት ማለት ነው?"

"ሊኖር ይችላል።"

"ወላሂ፣ የሰው መቃብር አፍርሼ ሳሎን አልሠራም!"

ወዲያው ልጃቸው ጋ ደወሉ። "ጋሪውን መልሰው። አንዲት ድንጋይ እንዳትነካ። ከእንግዲህ ከእርሻ የምትለቅመውንም እዚያ ላይ አትጣል፤ ለብቻው ከምረው። የቤቱን መሠረት በእሱ እናወጣለን። ቢሮውንም ስመለስ እኔው ሄጄ አነጋግራለሁ።"

ልጃቸው ቤቱ ይዘገያል ሳይላቸው አልቀረም፤ አጎቴ ሳቁ።

"ይዘግያ! የእኛ እርሻ ድንጋይ አጥቶ ያውቃል?"